መሥሪያ ቤት ውስጥ አሻጥርን ከስንፍና እንዴት ትለያላችሁ?

አሻጥር ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ፈንጂ ነው። እሱም አለ። በ1943 የካቲት (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የኖርዌይ ኮማንዶዎች ጀርመን በያዘችው አገራቸው ያለው ቬሞርክ ፋብሪካ ሌሊት ሰርገው ገብተው፣ ጀርመኖች ለኑክሌር ምርምር የሚፈልጉትን ከባድ ውሃ የሚያመርተውን ክፍል አፈንድተው፣ አንድ ጥይት ሳይተኩሱ ወጡ። በ1962 አዲስ አበባ መጥተው ኮልፌ የሠለጠኑት ማንዴላም በ1964 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በተከሰሱበት የሪቮኒያ ችሎት አሻጥርን እንደመረጡ አልካዱም፤ የሰው ሕይወት የማይጠፋበት መንገድ ስለሆነ ነው አሉ።

እናንተን የሚገጥማችሁ ግን ድምፅ የለውም። የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ኦኤስኤስ በ1944 ጥር፣ ጠላት በያዛቸው አገሮች ለሚኖሩ ተራ ሰዎች ሥራ ማደናቀፊያ መመሪያ አዘጋጅቶ ነበር። ስለ ስብሰባ የሚለውን ስሙ። ሁሉም ነገር በደንቡ መሠረት ይሂድ በሉ። ረጅም ንግግር አድርጉ። ጉዳዩን ለኮሚቴ ምሩት፣ ኮሚቴው ደግሞ ከአምስት ሰው አይነስ። ባለፈው የተወሰነውን እንደገና አንሱ። ለአለቆችም ምክር አለው፤ ሥራ የማይችለውን ሰው ያለአግባብ ዕድገት ስጡት ይላል።

ችግሩ ይህን ሁሉ ሰው ሳያስበውም ያደርገዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የቆዩ ቃለ ጉባኤዎችን አውጡና «ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ» የሚለውን ፈልጉ። ማን ነው ያቀረበው? በየትኛው አጀንዳ ላይ? ሰነፍ ሰው በሁሉም ነገር ይዘገያል፣ አይመርጥም። የራሱን የአበል ፎርም በአንድ ቀን አስፈርሞ የሚጨርስ፣ የኦዲት ሰነዱን ግን «ፊርማ ይቀረዋል» እያለ ለወራት መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ግን እየመረጠ ነው።

ቀጥሎ መዘግየቱ ማንን እንደሚጠቅም እዩ። ጨረታው ሲጓተት የነባሩ አቅራቢ ውል የሚራዘም ከሆነ አቅራቢው ከሚያዘገየው ሰው ጋር ያለውን ግንኙነት አጣሩ።

በእኔ እምነት ከሁሉም የሚበልጠው ማጣሪያ ግን ምክንያቱን መንሳት ነው። ሰው አነሰኝ ካለ ሰው ስጡት፤ ኮምፒውተር የለኝም ካለ ኮምፒውተር። እውነት ቸግሮት ከነበረ ሥራው ይንቀሳቀሳል። የጎደለው ተሟልቶለት በማግስቱ ሌላ ምክንያት ይዞ ከመጣ ቀኑን ጻፉ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ ግን ዲሲፕሊን ይጠይቃል። እያንዳንዱ ውሳኔ የሚሠራው ሰው ስምና የሚያልቅበት ቀን ይኑረው። የተወሰነ ነገር አዲስ መረጃ ካልመጣ አይከፈት። ኮሚቴው ትንሽ ይሁን።

አደራ፣ ማስረጃ ሳይኖራችሁ ማንንም አሻጥረኛ እንዳትሉ። በ1928 ሶቪየት ኅብረት ውስጥ የሻኽቲ የድንጋይ ከሰል ማዕድን መሐንዲሶችና ባልደረቦቻቸው፣ 53 ሰዎች፣ ሆን ብላችሁ ሥራ አበላሻችሁ ተብለው ተከሰሱ። ክሱ በአመዛኙ የፈጠራ ነበር፣ አምስቱ ግን ተገደሉ። እኛም ጋ በደርግ ጊዜ «የኢኮኖሚ አሻጥር» የሚባል ክስ ምን ያህል ያስፈራ እንደነበር ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ስለዚህ ሰውዬውን መጀመሪያ ለብቻው አነጋግሩት፣ የጻፋችሁትን ቀን አሳዩት፣ መልሱን አዳምጡ። ካላሳመናችሁ ያኔ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ኃላፊው ግቡ።