ማንበብ ያልጀመረ ልጅ ስለ ራሱ እንዲነግረን

ከ4 እስከ 7 ዓመት ያለ ልጅ ስለ ስሜቱና ስለ ጠባዩ የሚጠይቅ መጠይቅ ራሱ አይሞላም፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚጠየቁት ወላጅና መምህር ብቻ ናቸው። እነሱ መማታቱንና መጮኹን ያያሉ። ፍርሃትና ሐዘን ግን ልጁ ካልነገረን ተደብቆ ይቀራል። በተለይ «ጨዋ ነው፣ ድምፁም አይሰማ» የሚባለውን ልጅ አደራ አትለፉት።

መጠናቸው፣ ፆታቸውና ልብሳቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት አሻንጉሊቶች አዘጋጁ፤ አንዱ ካማረ ልጁ የሚመርጠው ያንኑ ነው። አንዱ «እኔ ጨለማ እፈራለሁ» ይበል፣ ሌላው «እኔ ጨለማ አልፈራም»። ከዚያ «አንተስ የትኛውን ትመስላለህ?» በሉት። በጣቱ ቢጠቁም ይበቃል። «ትፈራለህ እንዴ?» ብትሉት ግን ጎበዝ የሚያሰኘውን መልስ ፈልጎ ይሰጣችኋል። ሁለቱ አሻንጉሊቶች ሁለቱንም መልስ ሲናገሩ ከሰማ መፍራት ነውር እንዳልሆነ ይገባዋል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መለማመጃ ይሁኑ፤ ሙዝ እወዳለሁ፣ ሙዝ አልወድም። ዋናዎቹ ከ12 አይብለጡ፣ ጊዜውም ከ15 ደቂቃ። ችግሩን የሚናገረው አሻንጉሊት አንዴ የቀኙ፣ አንዴ የግራው፣ አንዴ ቀዳሚ፣ አንዴ ተከታይ ይሁን። ልጁ ሁልጊዜ የመጨረሻውን ከመረጠ የመረጠው ጆሮው ላይ የቀረውን ነውና ውጤቱን ትታችሁ ሌላ ቀን ድገሙት። «ባለፈው ወር»፣ «አልፎ አልፎ» የሚሉ ቃላት በዚህ ዕድሜ አይሠሩም። መጠኑን ለማወቅ ትንሽና ትልቅ ክብ ሥላችሁ አስጠቁሙት። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ጠይቁት፤ እናቱ አጠገቡ ካለች ዓይን ዓይኗን እያየ ይመልሳል። አንገቱን ደፍቶ ቢያናግራችሁ አክብሮት ሊሆን ስለሚችል ለብቻው እንደ ምልክት አትቁጠሩት።

ለአዋቂዎቹ፣ ማለትም ለወላጅና ለመምህር፣ እንግሊዛዊው የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጉድማን በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤስዲኪው (SDQ) የተባለ የልጆችን ጥንካሬና ችግር የሚለካ መጠይቅ ይጠቅማል። በአምስት ክፍል የተከፈሉ 25 ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ እያንዳንዱ 0፣ 1 ወይም 2 ያገኛል። የአራቱ የችግር ክፍሎች ድምር እስከ 40 ሲሆን ለሰው ማሰብን የሚለካው አምስተኛው ክፍል አይደመርም። ከችግር ክፍሎቹ ውስጥ አምስቱ ዓረፍተ ነገሮች በጎ ጠባይ ስለሚናገሩ ነጥባቸው ይገለበጣል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማንበብ ለማይችል ወላጅ ቃል በቃል አንብቡለት፣ ማብራሪያ አትጨምሩ።

«አይታዘዝም» የተባለውን ልጅ መጀመሪያ ጆሮውን አስመርምሩት። የመጠይቁ የችግር ነጥብ ከፍ ካለ ወደ ባለሙያ ላኩት፤ ነጥብ ብቻውን የበሽታ ስም አይሰጥም። ልጁ በጥያቄው መሀል «ይመታኛል» ካለ ለማንም አልናገርም ብላችሁ ቃል አትግቡ፣ አታጣድፉት። የተናገረውን በራሱ ቃል ጻፉና በዚያው ዕለት ለሕፃናት ጥበቃ ኃላፊው አሳውቁ።