ዘንዶውን ፍለጋ ሐይቅ እስጢፋኖስ ለምትመጡ፦ እባካችሁ እነዚህን አታድርጉ

የምኖረው ሐይቅ ከተማ ነው፣ ከደሴ ወደ ወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትወጡ። ባጅ ያንጠለጠልኩ አስጎብኚ አይደለሁም ግን የሰው እንግዳ ሲመጣ "አንተ ውሰዳቸው" እየተባልኩ እስከ ገዳሙ ይዤ ምሄደው እኔ ነኝ። ድሮ ሚመጣው ሰው ለመሳለም ወይ ለጥናት ነበር፣ አሁን አሁን ግን ግማሹ "ዘንዶ ይመለክበት የነበረው ቦታ" ሚለውን ሰምቶ ነው፣ ደስ ይለኛል ይምጣ፣ ግን የመጣው ሁሉ ያንኑ ስህተት ሲደግም ማየት ሰልችቶኛልና አንዴ ልጻፈው።

መጀመሪያ ደሜን የሚያፈላውን ተናግሬ ልገላገል። "አጥንቱ የታለ?"

ሰዎች፣ አጥንት የለም። ቆዳም የለም፣ ጥርስም የለም፣ በመስታወት ውስጥ ተጠቅልሎ የተኛ ነገርም የለም። የገዳሙ ሙዚየም ማለት ትንሽ ዕቃ ቤት ናት፣ ብራና መጻሕፍት፣ መስቀሎች፣ የድሮ አባቶች መገልገያ ያለባት፣ ቁልፉን የያዙት አባት ከተገኙ ከፍተው ሚያሳዩዋችሁ። ስለ ዘንዶው ምታገኙት ነገር ቢኖር ወሬው ነው፣ እሱንም አባ ደስ ካላቸው ነው። በቀደም አንዱን ወጣት ይዤ ሄድኩ፣ ከአዲስ አበባ ነው የመጣው፣ የካሜራ ማቆሚያ ምናምን ተሸክሟል። አባ ብራናውን በሁለት እጃቸው አቅፈው አመጡ፣ ጨርቁን ቀስ ብለው ፈቱ፣ ገለጡለት፣ እሱ ግን በትከሻቸው አሻግሮ መደርደሪያውን ይቃኛል።

"አባ፣ እሱስ?"

"እሱ ማን?"

"ዘንዶው።"

"ሞተ እኮ ልጄ።"

"መሞቱንማ ሰምቻለሁ፣ ማለቴ የሆነ ነገር አልቀረም? አጥንት ምናምን?"

"ቢቀርማ እኛ እዚህ ምን እንሠራ ነበር!" ብለው ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ልጁ አልሳቀም። ከሁለት ቀን በኋላ ቪድዮውን ለቀቀው፣ ርዕሱ "መነኮሳቱ የደበቁት የዘንዶ ሚስጥር"። ኧረ በስማም! ከፍተው ላሳዩት ሰው ደበቁ ተባለ። ከዛ ወዲህ ሚመጣው ሁሉ "ደብቀውት ነው አይደል?" እያለ ይጠቅሰኛል፣ አንዱማ ጭራሽ መቶ ብር ሊያሲዘኝ ነበር።

ቆይ እስቲ አስቡት። አባቶች ሚተርኩት ምንድነው? ክርስትና ሳይገባ በፊት ያካባቢው ሰው ዘንዶ ያመልክ ነበር፣ ወንጌል ሲመጣ ዘንዶው ጠፋና በቦታው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ተተከለ፣ ይሄም በንጉሥ ድልናዖድ ዘመን በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው ይባላል። የተረቱ ነገሩ ሁሉ "ጠፋ" ሚለው ላይ ነው። አምልኮውን ለማስቀረት የመጣ ሰው የሚመለከውን አጥንት ሰብስቦ መስታወት ውስጥ ያስቀምጥላችኋል እንዴ? ቢያስቀምጠው ኖሮ ሰው መልሶ ይሰግድለት ነበር። ባዶነቱ ራሱ የታሪኩ ክፍል ነው፣ ይሄን ሳይረዱ የገቡ ሰዎች ናቸው "ምንም የለም" እያሉ በአምስት ደቂቃ ሚወጡት። አጥንት ካማራችሁ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ሂዱና ሉሲን እዩ፣ በ1967 ዓ.ም. ሀዳር ላይ ስትገኝ ቦታው ያኔ በወሎ ስር ነበር፣ እሷም የኛው ናት።

ተነፈስኩ። ወደ ሌላው ልሂድ።

ሴቶች ወደ ገዳሙ አይገቡም። የወንዶች ገዳም ነው፣ አለቀ። ይሄን ሁሉም ያውቀዋል ብዬ አስብ ነበር፣ አያውቅም። ባልና ሚስት ከአዳማ ድረስ መጥተው በር ላይ ተለያዩ። ደሞ ታሪኩን ሰምታ፣ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ፣ ባሏን ጎትታ ያመጣችው እሷ ናት፣ እሱ ስለ ዘንዶ ደንታም የለው፣ እና እሱ ገባ እሷ ውጭ ቀረች። ተናደደች፣ እውነቷን ነው፣ ደሴ ላይ እያሉ የነገራት ሰው የለም። እናንተ ይዛችሁ ምትመጡ ወንዶች ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ በር ላይ ደርሶ "አይ ለካ..." ማለት ነውር ነው። በዚያው አካባቢ የሴት መነኮሳይት ገዳም ስላለ እሱን መሳለም ይቻላል፣ ሐይቁ ዳር ደሞ ቀኑን ሙሉ ማንም አይከለክላችሁም።

ያቺን ልጅ አንዲት ማውቃቸው እናት ቤት ይዣት ሄድኩ፣ ቡና ተቀምጦ ደረስን። እናታችን ሙስሊም ናቸው፣ ዕጣኑን ጨምረው፣ ቆሎውን አቅርበው፣ አቦሉን እየቀዱ "አብሽሪ ልጄ፣ የዚህ ሐይቅ ወሬ መች ገዳም ውስጥ ብቻ አለ" አሏትና የነፍሰ ጡሯን ታሪክ ጀመሩላት። ድሮ እዚህ ውሃ አልነበረም አገር ነበር። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በልዕልቲቱ ተበደለች፣ ፈጣሪ ተቆጣ፣ አገሩን ውሃ አደረገው፣ ልዕልቲቱ ከነዘመዶቿ ከነወዳጆቿ ጠፋች፣ ሴትዮዋ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ደረቅ ቀረ፣ ገዳሙ ያለበት ያ ነው። "ቁጭ ካለችበት ንቅንቅ ሳትል!" ይላሉ ማራገቢያውን መሬት ላይ ጠብ እያደረጉ። ቶናው አልፎ በረካው ላይ ስንደርስ ልጅቷ ስልኳን እንኳን አልነካችም። ባሏ መጥቶ "ምን አየሽ?" ሲላት "አንተ ምን አየህ?" አለችው፣ "መጽሐፍ" አለ። ስለዚህ ሌላው ስህተት ይሄ ነው፣ ተረቱ የገዳሙ ብቻ መስሏችሁ ሰፈሩን ሳታወሩት መመለስ። ወሎ ነው ያላችሁት፣ ስለ ገዳሙ አፈጣጠር ሙስሊሟ እናት አሳምራ ታወራላችኋለች፣ ቡናውን ብቻ እስከ ሦስተኛው ጠጡ፣ በአቦል ተነስታችሁ አትሂዱ።

ግን ታሪኮቹን አትቀላቅሏቸው። የነፍሰ ጡሯ ውሃው እንዴት እንደመጣ ነው ሚናገረው፣ የዘንዶው ቤተ ክርስቲያኑ እንዴት እንደመጣ፣ ሁለት የተለያየ ወሬ ነው። "ዘንዶው ልዕልቲቱን ዋጣት" ሚል የሰማሁት ከእንግዳ አፍ ነው። አርዌ ሚባለው ዘንዶ ደሞ የዚህ አይደለም፣ የአክሱም ነው፣ አንጋቦ መርዝ የበላች ፍየል አብልቶ ገደለው ሚባለው። ሥዕል ላይ በነጭ ፈረስ ሆኖ ዘንዶ ሚወጋውን ስታዩም "ይሄው የሐይቁ!" ብላችሁ አትጩሁ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፣ ዛፍ ላይ ያለችው ቤሩታዊቷ ልጅ ናት፣ አገር ምድሩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለ ሥዕል ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓንም ዘንዶ ገዳይ ማድረግ ይወዳሉ ሰዎች፣ እሳቸው የመጡት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፣ ከደብረ ዳሞ ተምረው፣ ከዘንዶው ወሬ ስንት መቶ ዓመት በኋላ። ሥራቸው ትምህርት ቤት ነው፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ራሳቸው እዚህ የሳቸው ተማሪ ነበሩ።

ይሄን ያልኩት ለምን መሰላችሁ፣ ዘንዶ ዘንዶ እያሉ ዋናውን ሳያዩት ይወጣሉ። የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ሚባለው ብራና በፈረንጆቹ 1280 ወይም 81 ለገዳሙ የተሰጠ ነው፣ የራሳቸው የኢየሱስ ሞዓ ሥዕል ያለበት። ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ማለት ነው። በ1500ዎቹ የግራኝ አህመድ ጦር እዚህ ድረስ ደርሶ ገዳሙ ሲዘረፍ አልጠፋም። እሱን እንድታዩ ከተፈቀደላችሁ ፍላሽ አጥፉ። ጣት በምራቅ አርሶ ገጽ ሊገልጥ የሞከረ ሰው አይቻለሁ፣ አባ እጁን ቸብ ነው ያደረጉት፣ አበጁ። መግለጥ የሳቸው ሥራ ነው፣ እናንተ እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጋችሁ እዩ። ፎቶ ደሞ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፣ አንስቶ ይቅርታ መጠየቅ አይሠራም።

"ጀልባው ስንት ነው?" ደሴት ነበር፣ ውሃው ሸሽቶ ከየብስ ከተያያዘ ቆይቷል፣ በእግር ይገባል።

ሰላምታ። መነኩሴ አይጨበጥም፣ "ሰላም ነው ብሮ" ደሞ ጭራሽ አይባልም (ተብሏል፣ ነበርኩ)። ጎንበስ ብላችሁ "አባ ይፍቱኝ" በሉ፣ "እግዚአብሔር ይፍታህ" ይሏችኋል፣ መስቀል ካወጡ ትሳለማላችሁ። ክርስቲያን ያልሆናችሁ እጅ ነስታችሁ "እንዴት ዋሉ አባ" ብትሉ በቂ ነው፣ ማንም ተሳለም ብሎ አይጫናችሁም፣ ሙስሊም ጓደኞቼን ይዤ ገብቻለሁ፣ እንደውም ጠላ ካለ ቀድመው ውሃ ሚያቀርቡት ለነሱ ነው።

ብር አባ ኪስ ውስጥ አትወሽቁ። የመግቢያ ካለ ከፍላችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ከዛ በላይ መስጠት ካሰባችሁ ሙዳየ ምጽዋት አለ። ክርክርማ በጭራሽ፣ ገበያ አይደለም።

ቀን ምርጫ ላይም ሰው ይሳሳታል፣ ይሄኛው ግን ልባዊ ስህተት ስለሆነ አልቆጣም። "ክብረ በዓል ቀን ብንመጣ ሁሉንም እናያለን" ይላሉ። በተቃራኒው ነው። ጥር 1 ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው፣ ኅዳር 26 አቡነ ኢየሱስ ሞዓ፣ ለበዓሉ ለራሱ ኑ፣ ዝማሬው ሕዝቡ ሌላ ነው፣ ግን በዚያ ቀን ቁልፍ ይዞ እናንተን ሚያስጎበኝ አባት አትጠብቁ፣ ሁሉም ሥራ ላይ ነው። ወሬ ለመስማት ተራ ቀን፣ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ፣ ረጋ ብላችሁ። በሩ ተዘግቶ ካገኛችሁ ደሞ አትደብድቡት፣ ዛፍ ስር ቁጭ በሉ፣ የሆነ ዲያቆን ያልፋል፣ እሱ ይጠራላችኋል።

የሰፈር ልጆችን ወሬ እንዳለ አትመኑ። እወዳቸዋለሁ፣ ጎበዞች ናቸው፣ ግን እንግዳው ዘንዶ እንደሚፈልግ ገብቷቸዋል። አንዱ "አምና አጎቴ አይቶታል" ይላል፣ ሌላው "የኔ አጎት ጀልባውን ገልብጦበታል" ይላል፣ አጎት እየበዛ ይሄዳል። ሐይቁ በጥልቁ በኩል 88 ሜትር ይደርሳል ስለሚባል ከታች የሆነ ነገር አለ ብሎ ማሰብ ደስ ይላል፣ አልፈርድም። ማታ ላይ ውሃው ጧ ሲል ምትሰሙት ግን አምባዛ ሚባለው ዓሳ ነው፣ ወፍራም ሆኖ ሲገለበጥ እኔም እደነግጣለሁ። ለልጆቹ ለወሬው እስክርቢቶ ወይ ደብተር ግዙላቸው፣ ቪድዮ ላይ ግን "ያካባቢው ነዋሪዎች አረጋገጡ" ብላችሁ አትለጥፉ፣ ነዋሪው የ9 ዓመት ልጅ ነው።

"ጠዋት ሐይቅ፣ ከሰዓት ላሊበላ" ብሎ ፕላን ያወጣ ሰው ካርታ አላየም። ከደሴ ተነስታችሁ ከሆነ ቀኑን ለሐይቅ ስጡት፣ ትርፍ ሰዓት ካላችሁ በዚያው መንገድ ወደፊት ውጫሌ አለች፣ በ1881 ዓ.ም. ውሉ የተፈረመባት።

ከከተማው ወደ ገዳሙ ባጃጅ ስትይዙ መመለሻውንም አብራችሁ ተነጋገሩ፣ አለዚያ ስትወጡ ዋጋው ሌላ ነው፣ ከመሸ ደሞ ወደ ደሴ ሚኒባስ ይሳሳል። ከመመለሳችሁ በፊት ውሃው ዳር ዓሳ ብሉ፣ ጥብሱን በዳጣ። "ይሄ ከዘንዶው ዘመን ጀምሮ ያለ ዓሳ ነው" ብሎ ዋጋ ሊጨምርባችሁ ሚሞክር አስተናጋጅ ካጋጠማችሁ ሳቁበት፣ ቆሮሶ ሚባለው ዓሳ ሐይቁ ውስጥ የተጨመረው በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው።