ድንጋይ የምትወጣ ባለ ሪሞት መኪና በትንሽ ወጪ እንዴት ትሠራለች?

ድንጋይ ላይ የምትወጣ ባለ ሪሞት መኪና ሁለት ነገር ብቻ ትፈልጋለች፦ ቀስ ብሎ በጉልበት የሚዞር ሞተርና ቦታው ምንም ያህል ወጣ ገባ ቢሆን መሬት የማይለቁ አራት ጎማዎች። ሱቅ ያሉት ድንጋይ ወጪ መኪናዎች (ክራውለሮች) ይህንን የሚያገኙት በሚቆለፍ ዲፈረንሻል (የግራና የቀኝ ጎማ እኩል እንዲዞሩ የሚያስገድድ ማርሽ)፣ በካምቢዮና በመገጣጠሚያ ዘንጎች ስለሆነ ዋጋቸው ይሰቀላል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር እነዚህን ሁሉ ይዘላል። እያንዳንዱ ጎማ የራሱ ሞተር አለው፤ መኪናዋም እንደ ሎደር ከወገቧ ነው የምትታጠፈው።

ምን ይገዛል፣ ምን ይለቀማል

ገንዘቡ ሞተር ላይ ይዋል። የሚፈለገው ሻጮች «370» የሚሉት፣ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ የብረት ጥርስ ያለው ባለ ማርሽ ሞተር ነው። 12 ቮልት፣ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ዙር፣ ዘንጉ 4 ሚሊ ሆኖ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነውን አራት ይግዙ። ለተማሪዎች ሮቦት የሚሸጡት ቢጫ የፕላስቲክ ሞተሮች ርካሽ ቢሆኑም ለዚህ አይሆኑም፤ ጎማው ድንጋይ መሃል ተቀርቅሮ ሲቆም ጥርሳቸው ይበላል።

የጉልበቱ ስሌት ቀላል ነው። መኪናዋ ስታልቅ 1.6 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፤ የጎማዋ ስፋት 100 ሚሊ ስለሆነ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ 5 ሴንቲ ሜትር ነው። ቀጥ ያለ ድንጋይ ላይ ሁለት ጎማ ብቻ ቢይዝ 1.6 በ5 ተባዝቶ 8 ይመጣል፤ ለአንድ ሞተር 4 ኪሎ-ሴንቲ ሜትር ይደርሰዋል። ሞተር ሊቆም በደረሰበት ጉልበት እየሠራ መቆየት ስለሌለበት፣ የማቆሚያ ጉልበቱ ቢያንስ የዚህ እጥፍ የሆነውን ይምረጡ። በደቂቃ 60 ዙር ከተባለ መኪናዋ በሴኮንድ 31 ሴንቲ ሜትር ትሄዳለች። ለድንጋይ ይህ በቂ ነው፤ 300 ዙር ያለውን መግዛት ጉልበቱን መጣል ነው።

ሌላው የሚገዛው ባለ 2.4 ጊጋኸርዝ ሪሞት ከነመቀበያው፣ ወደፊትም ወደኋላም የሚነዳ ለብሩሽ ሞተር የተሠራ የፍጥነት መቆጣጠሪያ እና ኤምጂ996አር የተባለው የብረት ጥርስ ያለው ሰርቮ (በታዘዘው ማዕዘን ላይ ዞሮ የሚቆም፣ መሪውን የሚያዞር ሞተር) ነው። ከተሰበረ የልጆች መኪና የተነቀለ ሪሞት አይሞከር። አብዛኛው የሚያውቀው መሄድና መቆም ብቻ ነው፤ ድንጋይ ላይ ደግሞ ነዳጁን (የሪሞቱን የፍጥነት ማንሻ) በጥቂቱ እየጨመሩ መግፋት ያስፈልጋል። ርካሽ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ላይ የተጻፈውን «320 አምፔር» ከቁም ነገር አይቁጠሩት፤ እውነተኛው አቅሙ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ለአራቱ ሞተር የማያቋርጥ 10 አምፔር የሚችል ይበቃል። እስከ 12.6 ቮልት መቀበሉን ግን ሳያረጋግጡ አይክፈሉ።

ቀሪው ይለቀማል። የውሃ ቧንቧ ቁራጭ፣ ላሜራ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ስፖንጅና የሞተር ሳይክል ካላማዳሪ አዲስ አበባ ላለ ሰው ምናለሽ ተራ በአንድ ዙር ይገኛል። ባትሪው ከአሮጌ ላፕቶፕ ይወጣል። ላዩ ላይ 10.8 ወይም 11.1 ቮልት የተጻፈበትና ስድስት ሴል ያለው የላፕቶፕ ባትሪ፣ ሁለት ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው በሦስት ረድፍ የተቀጠሉ 18650 የሚባሉ ክብ የሊቲየም ሴሎች ናቸው፤ እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው።

አካሉ

ከ6 ሚሊ ኮምፔንሳቶ 120 ሚሊ ስፋትና 110 ሚሊ ርዝመት ያላቸው ሁለት ሳህኖች ይቁረጡ፤ አንዱ ለፊት፣ አንዱ ለኋላ። ሞተሮቹ ከሳህኑ ሥር ጀርባ ለጀርባ ሆነው በማዕዘን ላሜራ ይታሰራሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሞተር ይበላሻል፦ የማሰሪያው ኤም 3 (3 ሚሊ ውፍረት ያለው) ቡሎን ማርሽ ቤቱ ውስጥ ከ3 ሚሊ በላይ ከገባ ጥርሱን ይነካና ሞተሩ ይቆልፋል። ቡሎኑ ከረዘመ በሮንዴላ ያሳጥሩት፤ ካሰሩ በኋላም ዘንጉ ከማሰርዎ በፊት እንደነበረው መዞሩን ይፈትሹ።

ወገቧ የሥራው ልብ ነው። 2 ሚሊ ውፍረትና 30 ሚሊ ስፋት ያለው ላሜራ በሦስት ጎን አጥፈው፣ አፉ ወደ ኋላ የተከፈተ ማቀፊያ ይሥሩ። የላይኛውና የታችኛው ክንዱ በ30 ሚሊ ይራራቁ። የኋላው ሳህን ጅራት ላይ 28 ሚሊ ውፍረት ያለው እንጨት ይለጠፍና በሁለቱ ክንዶች መሃል ይገባል፤ ከላይ ወደ ታች አንድ ኤም 6 ቡሎን ሁሉንም ይወጋል። መኪናዋ ግራና ቀኝ የምትታጠፈው በዚህ ቡሎን ላይ ነው። የማቀፊያው ጠፍጣፋ ፊት ደግሞ መሃሉ ተበስቶ፣ በአግድም በገባ ኤም 8 ቡሎን ከፊተኛው ሳህን የማዕዘን ላሜራ ጋር ይገናኛል። የፊት ጎማዎች ግራው ድንጋይ ላይ ቀኙ ጉድጓድ ውስጥ ሲሆኑ፣ የኋላው አካል ሳይዘም ፊቱ ብቻውን የሚጠማዘዘው በዚህ ሁለተኛ ቡሎን ነው። ሞላም ባልስትራም አያስፈልግም።

ሁለቱንም ቡሎን ውስጡ ላስቲክ ባለው ዳዶ ይሰሩ። ጭራሽ መንቀጥቀጥ እስኪያጡ ካጠበቁ በኋላ ሩብ ዙር ይመልሱ። የፊቱ መጠማዘዝ በየአቅጣጫው 30 ዲግሪ ላይ እንዲቆም ግራና ቀኝ አንዳንድ ብሎን ይተከል፤ መቆሚያ ከሌለው ፊቱ ይገለበጥና ሽቦዎቹን ይበጥሳል።

የወገቡ ቋሚ ቡሎን ከፊትና ከኋላ ዘንግ እኩል 130 ሚሊ መራቅ አለበት። እኩል ከሆነ የኋላ ጎማዎች የፊተኞቹ በረገጡበት ያልፋሉ፤ የፊቱ ካመለጠው ድንጋይ የኋላውም ያመልጣል። ወደ አንዱ ካዘነበለ ግን የኋላው ጎማ በሌላ መስመር ሄዶ ይሰነቀራል።

ሰርቮው የኋላው ሳህን ላይ ተቀምጦ ከማቀፊያው የላይኛው ክንድ ወደ ጎን 30 ሚሊ የወጣ ጆሮ በሽቦ ዘንግ ይገፋል። የሰርቮው ክንድ 20 ሚሊ ይሁን። በዚህ ልኬት 9.4 የነበረው ጉልበቱ ወደ 14 ኪሎ-ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ በምትኩ መታጠፊያው በየጎኑ 28 ዲግሪ ገደማ ላይ ይወሰናል። ይህ ልውውጥ ያዋጣል።

ጎማ

63 ሚሊ ስፋት ካለው የፕላስቲክ ቧንቧ 35 ሚሊ የሚረዝሙ አራት ቁራጮች በሴጌቶ ይቁረጡ። በውስጣቸው ክብ ኮምፔንሳቶ ተጠብቆ ይገባል፤ መሃሉ ላይ 4 ሚሊ ዘንግ የሚይዝ የብረት ማያያዣ በአራት ኤም 3 ቡሎን ይታሰራል። ማያያዣውን የሚያጠብቀው ትንሿ ብሎን በዘንጉ ጠፍጣፋ ጎን ላይ ማረፍ አለባት፤ ክቡ ላይ ካረፈች ትንሸራተታለች። ጎማውን በተቻለ መጠን ወደ ሞተሩ ያስጠጉ። ከራቀ ክብደቱ ዘንጉን ያጎብጠዋል።

ቧንቧው ላይ 18 ሚሊ ውፍረት ያለው ስፖንጅ ይጠቀለልና በላዩ የካላማዳሪ ጥብጣብ በማስቲሽ ይለጠፋል። ማስቲሹ ሁለቱም ወገን ላይ ተቀብቶ ሲነኩት የማይጣበቅ እስኪሆን ይጠበቃል፤ እርጥብ ሳለ ከተጣበቀ በመጀመሪያው ቀን ይላቀቃል። በመጨረሻ 8 ሚሊ ስፋት ያላቸው የካላማዳሪ ቁርጥራጮች በየ25 ሚሊው ገደድ ብለው እንደ ጥርስ ይለጠፋሉ። የስፖንጁ ልስላሴ ከጥርሱም በላይ ወሳኝ ነው፦ መኪናዋ ስትቆምበት ከ8 እስከ 10 ሚሊ መሟሸሽ አለበት። ካልተሟሸሸ ድንጋዩን በነጥብ ብቻ ይነካና ይንሸራተታል፤ ጎኑን በምላጭ ቀዳዳ ቀዳዳ በማድረግ ማለስለስ ይቻላል።

ኤሌክትሪኩ

አራቱን ሞተሮች ከፍጥነት መቆጣጠሪያው ጋር ሁሉንም ጎን ለጎን ያገናኙ፤ አንዱን ከሌላው አያስከትሉ። ሁለት ሞተር ተከታትለው ከተቀጠሉ አየር ላይ የተንጠለጠለው ጎማ ቮልቱን ይወስድና መሬት የያዘው ይቆማል። ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን ሁሉም እኩል ቮልት ስለሚደርሳቸው የተቆለፈ ዲፈረንሻል ሥራ ይሠራሉ። የግራና የቀኝ ሞተሮች ፊታቸው ተቃራኒ ስለሆነ በአንዱ ወገን ፕላስና ማይነስ ይቀያየራል። በእያንዳንዱ ሞተር ሁለት እግር መሃል «104» የተጻፈበት ካፓሲተር ይበየድ፤ ብሩሹ የሚረጨውን የሪሞት ረብሻ ይቀንሳል።

ሰርቮው ሲታገል ከ2 አምፔር በላይ ስለሚስብ፣ ለእሱና ለመቀበያው 5 ቮልት 3 አምፔር መቀነሻ (የባትሪውን ቮልት ዝቅ የሚያደርግ ቦርድ) ይሰጣቸው። ይህ ሲደረግ ከፍጥነት መቆጣጠሪያው ወደ መቀበያው የሚሄደው ቀይ ሽቦ ይነቀላል፤ ሁለት የ5 ቮልት ምንጮች አንድ ላይ መገናኘት የለባቸውም።

የላፕቶፑን ሴሎች አንድ በአንድ ይለኩ። ከ2.5 ቮልት በታች የወረደ፣ ያበጠ ወይም የዛገ ሴል አይሞላም፣ ይወገዳል። ለሦስት ረድፍ የተሠራ የባትሪ መከላከያ ቦርድና 10 አምፔር ፊውዝ የግድ ናቸው። የሚሞላውም በ12.6 ቮልት የሊቲየም ቻርጀር ብቻ ነው፤ ተራ የ12 ቮልት አዳፕተር ለሊቲየም ባትሪ መሙያነት አልተሠራምና እሳት ሊያስነሳ ይችላል። በሚሞላበት ጊዜ ከአጠገቡ አይራቁ።

ባትሪውን የፊተኛው ሳህን ላይ፣ በተቻለ መጠን ዝቅ አድርገው ይሰሩ። የፊትና የኋላ ጎማዎቹን በየተራ በኩሽና ሚዛን ላይ ሲያስቀምጡ ፊቱ ከጠቅላላው ክብደት 60 በመቶ ገደማ መያዝ አለበት።

ሲሞከር የሚታዩ ችግሮች

አቀበት ላይ ፊቷ ተነሥቶ ወደ ኋላ ከተገለበጠች ክብደቱ ኋላ ቀርቷል ወይም ከፍ ብሏል። ጎሚስታ ቤት የሚጣለውን የጎማ ማመጣጠኛ እርሳስ ለምነው ከፊት ጎማዎች ቧንቧ ውስጥ እያንዳንዳቸው ላይ 40 ግራም ይለጥፉ፤ ከመሬት ቅርብ ስለሆነ አካሉ ላይ ከሚጫን ይሻላል። ስትታጠፍ ሪሞቱ ከተቋረጠ የ5 ቮልቱ መቀነሻ ደክሟል። ሞተር እየዞረ ጎማው ካልዞረ መጀመሪያ የማያያዣዋን ትንሽ ብሎን ያጥብቁ፤ ጠብቃም ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካለ የማርሽ ጥርስ ተሰብሯል፣ ያ ሞተር ይቀየራል። ቆማ ስትታጠፍ ሰርቮው ከጮኸ መሪውን የሚያዞሩት እየነዱ ይሁን፤ ጎማ እየተንከባለለ ሲታጠፍ የሚጠይቀው ጉልበት በጣም ያንሳል። ጎማ ተቀርቅሮ ከቆመ ደግሞ ነዳጁን ወዲያው ይልቀቁና ወደ ኋላ መልሰው ሌላ መስመር ይሞክሩ፤ የቆመ ሞተር በሰኮንዶች ውስጥ ይግላል፣ ሽታው ከመጣ በሞተሩ ውስጥ የተጠመዘዘው ሽቦ መቃጠል ጀምሯል።