አሮጌ ሃይሉክስን ለአስቸጋሪ መንገድ ስታዘጋጁ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሮጌ ፒካፕ ገዝቶ ቀስ በቀስ ለተራራ፣ ለአሸዋና ለጭቃ ማዘጋጀት ደስ የሚል ሥራ ነው። ብሩን በአንድ ጊዜ አይጠይቃችሁም። እየሠራችሁት ከመኪናው ጋር ትተዋወቃላችሁ። ችግሩ ገንዘቡ መጀመሪያ የሚሄድበት ቦታ ነው። ወደ ጋራዤ የሚመጡት ወጣቶች ፎቶ ላይ ጎልቶ የሚታየውን ያስቀድማሉ፦ ትልቅ ጎማ፣ ከፍታ፣ የመብራት መደዳ። የፍሬን ሸራው አልቋል፣ ራዲያተሩ በደለል ተደፍኗል፣ እሱን ግን የጠየቀ የለም።

የማወራው በተለይ ስለ ቶዮታ ኤል ኤን 106 ሃይሉክስ ነው። 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር አለው፣ ቱርቦ የለውም። ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ (ተደራርበው እንደ ሞላ የሚሠሩ ብረቶች) ላይ የተቀመጠ ነው። ላንድክሩዘር ፒካፕ ያላችሁም አብዛኛው ነገር ይመለከታችኋል።

ሳይጠግኑ መጨመር

የመጀመሪያው ብር ለጥገና ነው። ታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ከሌለ ዛሬውኑ ቀይሩት። ይህ ሞተር ቺንጋ በጠሰ ማለት ቫልቭና ፒስተን ተጋጩ ማለት ነው። ከዚያ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል።

ቀጥሎ የፊት ጎማዎቹ ወደ ግራና ቀኝ በሚዞሩበት ጉልበት ላይ ያለውን ክብ ብረት በጨርቅ ጥረጉና ተመልከቱ። ትንሽ ግሪስ ቢታይ ችግር የለውም። ቀጭን ዘይት ወደ ጎማው ሲወርድ ካያችሁ ግን የውስጡ ፓራዎሊ (ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘው ላስቲክ) ሞቷል። የዲፈረንሻል (የሞተሩን ጉልበት ለግራና ቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ማርሽ) ዘይት እየገባ ግሪሱን አሟሙቶታል። ኩሽኔታዎቹም (የሚዞረውን ክፍል የሚይዙት ቀለበቶች) ብዙ አይቆዩም። ይህን ሳይሠራ ዊንች (የመጎተቻ ገመድ መጠቅለያ) የሚያስገጥም ሰው ሲመጣ ዊንቹን አስቀምጠህ ፓራዎሊ ገዝተህ ና እለዋለሁ።

ለኩሽኔታ የሚሆነኝን ከጠየቃችሁኝ፣ ሶማሌ ተራ ውስጥ በጥንቃቄ የተመረጠ ያገለገለ ኦሪጅናል ከአዲስ ኮፒ ይሻላል።

ባሌስትራ ማስጨመር

ይህኛውን ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ በየሳምንቱ የማየው እሱን ነውና።

እኛ አገር ፒካፕ የሚገዛው ለጭነት ነው። ስለዚህ አሮጌ ሃይሉክስ ስትገዙ የኋላው ባሌስትራ ላይ የቀድሞው ባለቤት ያስጨመራቸው ብረቶች ታገኛላችሁ። አዲሱ ገዢ ደግሞ መኪናዬ ከፍ ይበልልኝ ብሎ በዚያ ላይ ሌላ ይጨምራል። ርካሽ ነው፣ በግማሽ ቀን ያልቃል፣ መኪናውም እውነትም ከፍ ይላል። ለአስቸጋሪ መንገድ ግን መኪናውን የሚገድለው ይህ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ወጣ ገባ መንገድ ላይ አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲወጣ ሌላው ወደ ጉድጓዱ መውረድ አለበት። ባሌስትራው ለስለስ ካለ አክስሉ ይጋደላል፣ አራቱም ጎማ መሬት ይዞ ይቀጥላል። ባሌስትራው ከደነደነ አክስሉ እምቢ ይላል። ጎማው አየር ላይ ይንጠለጠላል። ሃይሉክሱ ያለው ተራ ዲፈረንሻል ደግሞ መዞርን የሚሰጠው ለቀለለው ወገን ነው። የተንጠለጠለው ጎማ ይሽከረከራል፣ መሬት የያዘው ቆሞ ያያል። ፎር ባይ ፎር ገብቶም ቢሆን ከፊት አንድ፣ ከኋላ በሰያፍ አንድ ጎማ አየር ላይ ካለ መኪናው ንቅንቅ አይልም።

ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው መንገድ ላይ አንድ ልጅ እንዲህ ቆሞ አገኘሁት። መልካም መኪና ነው፣ በእንክብካቤ የተያዘ። ክረምቱ መንገዱን በሰያፍ ቆርጦ ቦይ አውጥቶበታል። የኋላ ቀኝ ጎማው ቦዩ ላይ ተንጠልጥሎ በባዶ ይዞራል፤ በጎማውና በመሬቱ መካከል እጅ ያሳልፋል። የፍሪሲዮን ሽታ ከሩቅ ይሰማል። ከኋላ እህል የጫነ አይሱዙ ቆሞ ይጠብቃል። ልጁ «ፎር ኤል አስገብቻለሁ እኮ፣ ምን ሆኖ ነው?» ይለኛል፤ ፎር ኤል ማለት ዝግተኛው የፎር ባይ ፎር ማርሽ ነው። ጎንበስ ብዬ ባሌስትራውን አየሁት። ቀጥ ብሎ ደርቋል፣ አንዱ ብረት ከአንዱ አይለይም። ከጎማው ሥር ድንጋይ ደርድረን አወጣነው። በኋላ ጋራዥ መጥቶ የተጨመሩትን ብረቶች አወጣንለት። የቀሩትን በሽቦ ብሩሽ አጽድተን፣ ጎሚኒዎቹን ቀይረን መለስነው። ሌላ ምንም ሳይጨመርበት በዚያው መንገድ ያልፋል አሁን።

የደነደነ ባሌስትራ ሻንሲም ይሰነጥቃል። ባሌስትራው ያልዋጠውን ምት ሻንሲው ይቀበለዋል። ባሌስትራው ከሻንሲው ጋር በሚያያዝበት ቦታ ዙሪያ ቀለሙ ላይ ቀጭን የዝገት መስመር ካያችሁ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። አጽድታችሁ ተመልከቱ።

ከፍታ የግድ ከፈለጋችሁ ለዚያው የተሠራ ሙሉ የባሌስትራ ስብስብ ግዙ፣ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሚያነሳ። አሞርዛተሩም (ንዝረት ማብረጃው) ረዘም ያለ ይሁን። አክስሉ ሙሉ በሙሉ ተንጠልጥሎ ሳለ የፍሬኑ ላስቲክ ቱቦ መወጠር አለመወጠሩን በእጃችሁ ፈትሹ። ከተወጠረ ረዥም ይገባል። ዩ ቦልቶቹን ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግማችሁ አጥብቁ። ከፊት አክስል ላይ ብሎክ (በአክስሉና በባሌስትራው መካከል የሚገባ ብረት) ማስገባት ግን በምንም ምክንያት አይሆንም። ፍሬን ስትይዙ አክስሉ ሊጠማዘዝና መሪውን ሊያሳጣችሁ ይችላል።

ከፍታው የሚያበላሸው ፍሬን

ከኋላ አክስል ወደ ሻንሲው የምትወጣ ቀጭን ዘንግ አለች፣ ከፍሬን ቫልቭ ጋር የተያያዘች። ጭነት ሲበዛ መኪናው ይወርዳል፣ ዘንጓ ወደ ላይ ትገፋለች፣ ቫልቩ ለኋላ ፍሬን ጉልበት ይጨምራል። መኪናው ባዶ ሲሆን ይቀንሳል። መኪናውን ስታነሱት ቫልቩ ሁልጊዜ ባዶ ነው ብሎ ያስባል። ስለዚህ ሙሉ ጭነት ይዛችሁ ቁልቁለት ስትወርዱ የኋላው ፍሬን የሚገባውን አይሠራም፣ የፊቱ ብቻውን ይግላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዘንጓ በተነሳው ልክ ትስተካከላለች። መኪና የሚያነሱ ብዙ ባለሙያዎች ይህችን ዘንግ ሳይነኳት ያስረክባሉ። እናንተ ጠይቁ።

ትልቅ ጎማ

ይህ መኪና ከፋብሪካው ብዙ ጊዜ 205 አር 16 ጎማ ይዞ ነው የወጣው፤ ቁመቱ ወደ 74 ሴንቲ ሜትር ነው። ወጣቶቹ የሚመኙት 33 ኢንች ወደ 84 ሴንቲ ሜትር ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ስለጨመራችሁ ዲፈረንሻሉ ከመሬት የሚርቀው 5 ብቻ ነው። በምትኩ የምትከፍሉትን እዩ። ማርሹ ሁሉ ይከብዳል። የፍጥነት መለኪያው 80 ሲል እናንተ 90 ላይ ናችሁ። ፍሬኑም ከባድ ጎማ የማቆም ሥራ ይጨመርበታል።

በዚያ ላይ የምንነዳው ከፍታ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሞተሩ የሚያገኘው አየር ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ባሌ ውስጥ ሳነቴ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ በ40 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ይህን የሚያካክስበት መንገድ የለውም። ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ጉልበት ያጣል፣ ሹፌሩም ፍሪሲዮን እያንሸራተተ ለመውጣት ይታገላል።

235/85 አር 16 ግዙ። ቀጭን ነው፣ ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ብዙ ጊዜ መኪናው ሳይነሳም ይገባል። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አንብቡ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ጎማ ያረጃል፣ ጎኑ ይሰነጣጠቃል። አፋር አሸዋ ላይ ስትገቡ ከ35 ወደ 18 ፒኤስአይ አውርዱ፤ ነገር ግን መንፊያ ሳትይዙ አታውርዱ።

ቴርሞስታት ማውጣት

ቴርሞስታት ውሃው እስኪሞቅ ድረስ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ የሚዘጋ ክዳን ነው። «አገራችን ሞቃት ስለሆነ አያስፈልግም» የሚሉ መካኒኮች አሉ። ተሳስተዋል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ሲከፍት፣ ውሃው በአቋራጭ የሚመለስበትን መንገድ ደግሞ ይዘጋል። አውጥታችሁ ስትጥሉት አቋራጩ ሁሌም ክፍት ይሆናል፤ ከፊሉ የጋለ ውሃ ራዲያተር ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። በቀዝቃዛ ጠዋት ሞተሩ አይሞቅም፣ ረዥም ዳገት ላይ ደግሞ ይግላል። ሞተሩ ሲግል ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይሰነጠቃል። ያኔ የምታወጡት ወጪ ከጎማውና ከመብራቱ በላይ ነው።

ራዲያተሩን አስወርዳችሁ አስጠርጉ። የቧንቧ ውሃ ብቻ አትሙሉ፣ ኩላንት ጨምሩ። ከፊት የምትገጥሙት ፓራውልትና መብራት ደግሞ የራዲያተሩን ንፋስ እንዳይዘጋ።

ፖርቶ መጋላ ላይ መጫን

ውሃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፣ ናፍጣ ቢሆን ወደ 17። ፖርቶ መጋላው (አናት ላይ የሚገጠመው የዕቃ መጫኛ) ላይ አራት ደርድራችሁ፣ ትርፍ ጎማውን ጨምራችሁ ጎኑ ዘንበል ባለ መንገድ ስትሄዱ መኪናው ሊገለበጥ ይችላል። ከባዱን ሁሉ ከኋላ ሳጥኑ ወለል ላይ፣ ወደ ጋቢናው አስጠግታችሁ እሰሩ። አናት ላይ ብርድ ልብስና ድንኳን ይበቃል።

ወንዝ መሻገርና መተንፈሻ

ስኖርክል (ሞተሩ አየር ከላይ የሚስብበት ቱቦ) ገጥማችሁ የዲፈረንሻሉን መተንፈሻ ከረሳችሁ ዋናውን ረስታችኋል። ዲፈረንሻሉ ሲነዳ ቆይቶ ግሏል። ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይሸማቀቃል፣ በመተንፈሻውም ሆነ በፓራዎሊው ውሃ ይስባል። ከዚያ ዘይቱን ስትቀዱት ማኪያቶ መስሎ ይወርዳል። ቀጭን ቱቦ ገዝታችሁ መተንፈሻውን እስከ ኮፈኑ ሥር ከፍ አድርጉት። ዋጋው ትንሽ ነው።

ስኖርክሉም ቢሆን ከፊልትሮው ቤት ጋር አየር በማያስገባ ሁኔታ ካልታሸገ ጌጥ ነው።

ጭቃ ጥርስ ሁሉ ለመረሬ አይበቃም

ክረምት ላይ መረሬ፣ ጥቁሩ አፈር፣ ከጎማው ጋር ይጣበቃል። የትኛውም የጭቃ ጎማ በጥቂት ሜትር ውስጥ ልሙጥ ይሆናል። ዝናቡ ካባራ፣ ፀሐይ ከወጣ ጠብቁ። ያኔ ነው የሚታለፈው።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መፍታት

መኪናውን በታትነው ለዓመታት የሚያስቀምጡ አሉ። አንድ ነገር ቀይሩ፣ ለጥቂት ሳምንት ንዱት፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ እለፉ። ባሌስትራ፣ ጎማና ማርሽ በአንድ ሳምንት ከቀየራችሁ፣ ከዚያ በ60 ላይ የሚንቀጠቀጠው ክሮቼራው (የማስተላለፊያ ዘንጉ መጋጠሚያ) ይሁን ጎማው ማወቅ አትችሉም።

አጫጭር ነገሮች

ፎር ባይ ፎር ደረቅ አስፋልት ላይ አታስገቡ። የፊት ሃቦቹን (የፊት ጎማዎቹን ከአክስሉ ጋር የሚያያይዙትን መቆለፊያዎች) በወር አንድ ጊዜ እያዞራችሁ ለስለስ ባለ መሬት ላይ ጥቂት ንዱ፤ ካልሠሩ ይደርቃሉ። ተጨማሪ መብራት ያለ ፊውዝና ያለ ሪሌ አትገጥሙ፣ ሽቦው ይቃጠላል። ሻንሲ ላይ ብየዳ ካለ ባትሪውን አስፈቱ። ብቻችሁን ሩቅ አትሂዱ።

መጎተቻ ቦታ

የተጎታች ኳስ ላይ ገመድ አስራችሁ መኪና አታስወጡ። ኳሱ የተሠራው በዝግታ ለሚጎተት ጭነት ነው። በድንገት ሲወጠር ተሰብሮ ይፈናጠራል፤ ሰውም ይገድላል። ከፊት ሥር የምታዩዋት ቀጭን ቀለበትም መኪናው መርከብ ላይ ሲጓጓዝ የሚታሰርባት ናት። ሻንሲው ላይ በጠንካራ ቦልት የሚያዝ፣ ለመጎተት የተሠራ መንጠቆ ከፊትም ከኋላም አስገጥሙ። ይህን ከከፍታም ከትልቅ ጎማም በፊት አድርጉት። ገመዱ ሲወጠር መሃሉ ላይ ከባድ ጃኬት ወይም እርጥብ ጆንያ ጣሉበት፤ ሰው ሁሉ ደግሞ ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቅ። በተለይ ለማየት የሚሰበሰቡትን የመንደር ልጆች አርቁ፤ ሁልጊዜ ከፊት የሚቆሙት እነሱ ናቸው።