ከወዳጅ ጋር ወይስ ከማያውቁት ሰው ጋር? የፉክክር ጌም አጨዋወት

በቡድን የሚካሄድ የፉክክር ጌም ከወዳጅ ጋር ሲሆን ስምምነቱ ከግጥሚያው በፊት ማለቅ አለበት፤ ከማያውቁት ሰው ጋር ሲሆን ግን ለስምምነት ጊዜ ስለማይኖር፣ ሁሉም ነገር የሚወሰነው በጨዋታው መካከል በሚለዋወጡት አጭር መረጃ ነው። ብዙ ተጫዋች ይህን ገልብጦ ይሠራል፦ ከጓደኞቹ ጋር ሳይነጋገር ይገባል፣ ለእንግዳው ሰው ደግሞ ረጅም ምክር ይሰጣል።

አስቀድመው ጌሙ ስንት ሰው አብሮ እንዲገባ እንደሚፈቅድ ይመልከቱ። ለምሳሌ ቡድኑ አምስት ሰው በሆነበት በቫሎራንት፣ ደረጃ በሚያዝበት ግጥሚያ አራት ሆኖ መግባት አይቻልም፤ ብቻውን የገባው አምስተኛ ሰው በአራት ወዳጆች መካከል ባይተዋር ስለሚሆን ክልከላው ተገቢ ይመስለኛል።

በወዳጆች መካከል ከሁሉ የሚከብደው የችሎታ ልዩነት ነው። የፊዚክስ ምሁሩ አርፓድ ኤሎ ለቼዝ ያዘጋጀውና ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1970 የተቀበለው የነጥብ ስሌት፣ የብዙ ጌሞች የደረጃ አሰጣጥ መነሻ ቢሆንም፣ የታሰበው አንድ ለአንድ ለሚገጥሙ ሰዎች ነበር። ጀማሪ ከብርቱ ጋር ተጣምሮ ሲገባ ተጋጣሚ የሚፈለገው ለቡድኑ በጠቅላላ ስለሆነ፣ ጀማሪው ከአቅሙ በላይ የሆነ ሰው ይገጥመዋል። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ደረጃ በማይያዝበት ግጥሚያ ይጫወቱ። ብርቱው አዲስ አካውንት ከፍቶ ዝቅ ብሎ መግባቱ፣ ተጫዋቾች ስመርፍ የሚሉት፣ ለጓደኛው ቢያቀልለትም በወዲያኛው ወገን ያሉትን ጀማሪዎች የሚበድል በመሆኑ አልመክረውም።

ከመግባትዎ በፊት ማን የትኛውን ሚና እንደሚይዝ፣ ውሳኔ በሚያጣድፍበት ጊዜ የማን ቃል እንደሚጸና፣ ስንት ጊዜ ከተሸነፋችሁ እንደምታቆሙ ይስማሙ። የጓደኛዎን ስህተት ግጥሚያው ሳያልቅ አያንሱ፤ ካለቀ በኋላ ቅጂውን አብራችሁ እያያችሁ ብትነጋገሩበት ነቀፋው ከሰውየው ይልቅ በአጨዋወቱ ላይ ያርፋል። እንደ ካውንተር ስትራይክ ባሉ የእግር ኮቴ በሚሰማባቸው ጌሞች ደግሞ አንድ ሰው ብቻ በሕይወት ሲቀር ሌሎቹ ፈጽሞ ዝም ይበሉ። ወዳጆች በብዛት የሚጥሱት ሕግ ይህ ነው፤ ያ ሰዓት ወሬ መሐል ሳሉ ስለሚደርስባቸው።

ከማያውቁት ሰው ጋር ሲሰለፉ፣ ቡድኑ የጎደለውን ሚና ይያዙ። ሲናገሩ የጠላትን ብዛት፣ ቦታና ሁኔታ ብቻ ይግለጹ፦ «ሁለት፣ ግራ በር፣ አንዱ ቆስሏል» ይበቃል። ቋንቋ ካልገጠመም መንገድ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አፔክስ ሌጀንድስ የተባለ ጌም የታየው ቦታ ወይም ዕቃ ላይ ምልክት በማድረግ ብቻ ያለ ድምፅ መግባባት እንደሚቻል በግልጽ አሳይቷል። የሚሳደብ ሰው ካጋጠመዎት መልስ ሳይሰጡ ወዲያው ድምፁን ይዝጉ፣ ጥቆማውን ከግጥሚያው በኋላ ያስገቡ። ብቻ መግባት የራሱ ጥቅም አለው፦ ጉድለትዎን የሚሸፍን ጓደኛ ስለሌለ ትክክለኛ ደረጃዎን ያውቃሉ።

ጥሩ የተግባቡት እንግዳ ከተገኘ፣ የውጤቱ ገጽ ሳይዘጋ የጓደኝነት ጥያቄ ይላኩለት፤ ከነባር ጓደኞችዎ ጋር ከመቀላቀልዎ በፊት ግን ሁለት ሦስት ግጥሚያ፣ ቢቻል አንዱን ተሸንፋችሁ፣ ለብቻችሁ ተጫወቱ።