በጤናማ ታዳጊ ልጆች የመገጣጠሚያ ካርቲሌጅን በኤምአርአይ ማጥናት

ኤምአርአይ (በመግነጢስና በራዲዮ ሞገድ የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ምርመራ) በጤናማ ልጆች ላይ ለሚደረግ ጥናት ተመራጭ የሆነው፣ እንደ ራጅና ሲቲ ስካን ጨረር ስለማይጠቀምና በራጅ የማይታየውን ካርቲሌጅ (ከአጥንት የለሰለሰውን፣ የሚለመጠውን የሰውነት ክፍል) በቀጥታ ስለሚያሳይ ነው። ይሁን እንጂ በልጅ ጉልበት ውስጥ መገጣጠሚያውን ከሚሸፍነው ካርቲሌጅ ሥር ገና ወደ አጥንት ያልተለወጠ የዕድገት ካርቲሌጅ አለ። ልጁ እያደገ ሲሄድ ይህ የታችኛው ክፍል አጥንት ስለሚሆን፣ ሁለቱን ሳይለይ የሚለካ ተመራማሪ ጤናማውን ዕድገት የካርቲሌጅ መሳሳት አድርጎ ሊመዘግበው ይችላል። ስለሆነም የመጀመሪያው ልጅ ወደ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት የሚለካው ክፍል ከየት እስከ የት እንደሆነ በጽሑፍ መወሰን አለበት።

ጤናማ ልጅ ከምርመራው የሚያገኘው የሕክምና ጥቅም ስለሌለ፣ የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድና የልጁ የራሱ እሺታ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ልጁ በቃኝ ባለ ጊዜም ምርመራው ይቆማል። ማስተኛ መድኃኒትም ሆነ ምስሉን ለማጉላት በደም ሥር የሚሰጠው ጋዶሊኒየም እዚህ ቦታ የላቸውም ብዬ አምናለሁ። ያልተጠበቀ ሕመም በምስሉ ላይ ቢታይ ለቤተሰቡ ማን እንደሚነግር ቀድሞ ይወሰን። ልጁም ሆነ አብሮት የሚገባው ወላጅ በሰውነታቸው ብረት አለመኖሩ ይጠየቃል።

ካርቲሌጅ ሲጫኑት ውኃውን እያስወጣ ይሳሳል። ስለዚህ ሮጦ የመጣ ልጅና ተቀምጦ የቆየ ልጅ በአንድ መለኪያ ሊወዳደሩ አይችሉም። ሁሉም ልጆች ከምርመራው በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲያርፉ፣ ቢቻልም በተመሳሳይ የቀኑ ክፍል ምስላቸው እንዲነሳ ማድረግ ይገባል። የማሽኑን ድምፅ አስቀድሞ ማሰማት፣ የጆሮ መከላከያ ማድረግና ልጁን በእግሩ በኩል ማስገባት ሳይንቀሳቀስ እንዲቆይ በእጅጉ ይረዳሉ።

የካርቲሌጁን ውፍረትና ይዘት (የሚይዘውን ቦታ መጠን) ለመለካት የስብን ምልክት የሚያጠፋ፣ ግራዲየንት ኤኮ በሚባለው የኤምአርአይ አነሳስ የሚገኝ ባለ ሦስት አውታር ምስል፣ ከ1.5 ሚሊሜትር ባልበለጠ ቁራጭ፣ በጉልበት ኮይል (ጉልበቱን ከቦ ምልክቱን በሚቀበል መሣሪያ) ይነሳል። ባለ 3 ቴስላ ማሽን ከባለ 1.5 ቴስላው (ቴስላ የመግነጢስ ኃይል መለኪያ ነው) የጠራ ምስል ቢሰጥም፣ ከኃይሉ ይልቅ ሁሉም ልጆች በአንድ ማሽንና በአንድ አሠራር መነሳታቸው ይበልጣል። የካርቲሌጁን ውኃና የኮላጅን (የፕሮቲን ክሮቹን) አደረጃጀት ለማወቅ የቲ2 ካርታ፣ ማለትም ምልክቱ በየነጥቡ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚደበዝዝ የሚያሳይ ምስል፣ ይጨመራል። የኮላጅን ክሮች ከማሽኑ ዋና መግነጢሳዊ መስክ ጋር ወደ 55 ዲግሪ ሲያዘነብሉ ካርቲሌጁ ሳይለወጥ ቲ2 ከፍ ብሎ ስለሚታይ፣ የጉልበቱ አቀማመጥ ለሁሉም አንድ ይሁን።

ዕድሜ ብቻውን ብስለትን አይነግረንም። ሴቶች ልጆች ከወንዶች ቀድመው ስለሚበስሉ፣ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላቸው ሴት ልጅና ወንድ ልጅ በአጥንት ብስለት በጣም ሊራራቁ ይችላሉ። ስለዚህ ከፆታ፣ ከቁመትና ከክብደት ጋር የጉርምስና ደረጃ ይመዝገብ። የአጥንት ዕድሜን ለማወቅ የእጅ ራጅ ማንሳት የተለመደ ቢሆንም፣ በጤናማ ልጅ ላይ ጨረር ከመጨመር ይልቅ በዚያው ኤምአርአይ ላይ የዕድገት ሰሌዳው (አጥንቱ የሚረዝምበት፣ በጫፉ አጠገብ ያለው የካርቲሌጅ ንብርብር) ምን ያህል እንደተዘጋ መመደብ የተሻለ መንገድ ነው።

ምስሉን የሚለካው ሰው የልጁን ዕድሜና ፆታ ሳያውቅ ይሥራ። የካርቲሌጅ ይዘት ከአጥንቱ ጋር አብሮ ስለሚያድግ፣ ከአጥንቱ የገጽ ስፋት ጋር ተነጻጽሮ ይቅረብ። ጥቂት ልጆችም ከማሽኑ ወጥተው እንደገና ተስተካክለው ይነሱ፤ በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት የመለኪያውን ስሕተት ያሳያልና፣ ከዓመት በኋላ በሚደረገው ክትትል ከዚያ ያነሰ ለውጥ ዕድገት ተብሎ ሊጻፍ አይገባም።