ዝም ያለውን ልጅ ማን አየው? ጎረቤት፣ መምህርና አሠልጣኝ አብረው እንዴት ይደግፉታል

ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆነኝ። ደብተር ከማረሜ ብዛት ስም ሳላይ ጽሑፉ የማን እንደሆነ አውቃለሁ። ከዓመታት በፊት የአንድ የ15 ዓመት ተማሪዬ የእጅ ጽሑፍ ይለወጥ ጀመር። መጀመሪያ መስመር ለቀቀ። ቀጥሎ ቁጥሮቹ እያነሱ ሄዱ። ከዚያ ጥያቄውን ይገለብጥና የእኩል ምልክቱን አስምሮ ከምልክቱ ወዲያ ያለውን ባዶ ይተወው ጀመር። እኔም በቀይ እስክሪብቶ «ትኩረት አድርግ!» ብዬ ጻፍኩበት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስቴ። በአራተኛው ሳምንት ልጁ ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ ሆስፒታል መግባቱን ሰማሁ።

ተርፏል፤ ዛሬ ደህና ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ በኋላ የሰማሁት ነው። የኳስ አሠልጣኙ ልጁ ከልምምድ መቅረት እንዳበዛ አይቶ «ሰነፈ» ብሎ አልፎታል። ጎረቤታቸው የክፍሉ መብራት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እንደሚበራ አይታለች፤ እያጠና መስሏታል። የጓደኛው እናት ደግሞ ስልክ ማንሳት እንደተወ ከልጇ ሰምታለች። አራታችንም አንዳንድ ቁራጭ ይዘን ነበር። ሰብስቦ የሚገጥመው ሰው ግን ጠፋ። አሁን የምጽፈው ያ ቁራጭ እንዴት እንደሚገጠም ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከእነዚሁ ሦስት ሰዎች ጋር ስንሠራበት የቆየነውን።

የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ከሆኑ ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ይናገራል። 42 ተማሪ ባለበት ክፍል ስድስት ልጅ ማለት ነው። ይህን ያወቅሁ ቀን የክፍሌን ስም ዝርዝር አውጥቼ ስድስቱ እነማን ይሆኑ ብዬ ልለይ ሞከርኩ። ከሁለት አላለፍኩም። አራቱ ፊቴ ተቀምጠው ነበር ማለት ነው፣ አላየኋቸውም።

ልጁን ከራሱ ጋር አስተያዩት

የምልክት ዝርዝር ብዙ ቦታ ታገኛላችሁ። እኔ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፦ ልጁን ከሌላ ልጅ ጋር ሳይሆን ከትናንቱ ከራሱ ጋር አስተያዩት። ከድሮም ዝምተኛ የሆነ ልጅ ዝም ቢል ጠባዩ ነው። ተጫዋቹ ዝም ካለ ግን ጠይቁ። ለውጡ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ በተለይ እንቅልፉን፣ የምግብ ፍላጎቱንና ይወደው የነበረውን ነገር ከነካ፣ «ያልፍለታል» ብላችሁ አትጠብቁ።

ድባቴ በጎረምሳ ላይ ሁልጊዜ እንባ ይዞ አይመጣም። ብዙ ጊዜ የሚታየው ቁጣ ነው፤ በትንሹም በትልቁም መነጫነጭ፣ በር ማላተም፣ ከሚወደው ሰው ጋር መጣላት። ትልቅ ሰው ደግሞ ይህን ሲያይ አፉ ላይ የሚመጣለት «ጠግቧል» የሚለው ቃል ነው። ይህን ቃል ከመናገራችሁ በፊት እንድትውጡት ከልቤ እለምናችኋለሁ። ስንት ልጅ እርዳታ ሲጠይቅ ይህን መልስ ሰምቶ አፉን ዘግቷል!

ትንንሾቹ ጭንቀታቸውን በሰውነታቸው ይናገራሉ። ሐኪም ምክንያቱን ያጣለት የሆድ ቁርጠት፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ የሚነሳ ራስ ምታት፣ ካቆመ በኋላ እንደገና አልጋ ላይ መሽናት። ይህ ውሸት ወይም ማስመሰል አይደለም፤ ሆዱ እውነት ያመዋል።

ከአራት ሰው ጀምሩ

ትልቅ ስብሰባ አትጥሩ። የእኛ አራት ሰው ነው፦ መምህር፣ አሠልጣኝ፣ ጎረቤትና እናት። በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ሰዓት እንገናኛለን። መጀመሪያ የተስማማነው በአንድ ደንብ ነው፤ ያየነውን እንጂ የገመትነውን አንናገርም። «ሦስት ልምምድ ቀርቷል» ይባላል። «ከመጥፎ ልጆች ጋር ገጥሟል» አይባልም። የልጅ ስም በስልክ መልእክት አንጽፍም፤ የሰማነው ለባልም ለሚስትም አይነገርም። አንዲት ቃል ካፈተለከች ልጁም ቤተሰቡም ዳግመኛ አያምኑንም።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሰው እንመድባለን። አራታችንም ተራ በተራ «ምነው? ምን ሆንክ?» ካልነው ልጁ የተከበበ ይመስለዋል። ቀድሞ የሚቀርበው ሰው ይሂድ። ልጅቷ ከእኔ ይልቅ ከአሠልጣኟ ጋር ከሳቀች እኔ ከኋላ እቆማለሁ።

የዚህን ነገር ክብደት ያስረዳኝ በሃዋይ የካዋይ ደሴት ጥናት ነው። ኤሚ ወርነር የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን እስከ ጉልምስናቸው ድረስ ተከታተሉ። በድህነትና በቤተሰብ ችግር ውስጥ ካደጉት መካከል ሲሶ ያህሉ ለራሳቸውም ለሰውም የሚተርፉ ሰዎች ሆነው አደጉ። ከሚያመሳስሏቸው ነገሮች አንዱ፣ ቤት ውስጥ ያለው ቢከፋም፣ የሚያምኑት ትልቅ ሰው ማግኘታቸው ነበር፦ አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት፣ መምህር። የምንመድበው ያንን አንድ ሰው ነው።

ሳልናገር የማላልፈው ደንብ አለ። ማንም ትልቅ ሰው ከልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ለብቻው አይቀመጥ። በር ክፍት፣ ሰው የሚያልፍበት፣ ድምፅ የማይሰማበት ግን ዓይን የሚደርስበት ቦታ ይመረጥ። ይህን ደንብ የሚቃወም ሰው ከመጣ ከቡድኑ አውጡት። ለማን እንደምንከራከር መርሳት የለብንም።

እጅ ሥራ ይዞ ማውራት

ልጅን ፊት ለፊት አስቀምጦ «ንገረኝ» ማለት እንደ ፍርድ ቤት ነው። ጎን ለጎን ሆኖ፣ እጅ ሥራ ይዞ፣ ዓይን ሌላ ቦታ እያየ ይሻላል። አንዲት የ13 ዓመት ተማሪዬን ሰሌዳ እንድታጠፋልኝ አስቀረኋት፤ በሩ ክፍት ነው፣ ልጆች በኮሪደሩ ይተላለፋሉ። እሷ ከግራ፣ እኔ ከቀኝ እናጠፋለን። «ሰሞኑን የፊት ወንበርሽን ትተሽ ኋላ መቀመጥ ጀምረሻል» አልኳት። ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። በልቤ እስከ ሃያ ቆጠርኩ፤ ይህን ለራሴ ያስለመድኩት ነው፣ አለዚያ ዝምታውን በምክር እሞላዋለሁ። ዳስተሯ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ የጠፋውን መልሳ መላልሳ ታጠፋለች። «ቲቸር፣ ልቤ ይመታል» አለች። «መቼ መቼ?» «ስማችንን ሲጠሩ። ከመጠራቴ በፊት።» በዚያ ቀን ከዚህ በላይ አላወራንም። «ስለነገርሽኝ ደስ ብሎኛል፤ ነገም እዚሁ ነኝ» ብዬ ሸኘኋት። ከማግሥቱ ጀምሮ ስም ስጠራ የእሷን ከመጀመሪያዎቹ አደረግሁት፤ መጠበቁ አጠረላት። ከሦስት ቀን በኋላ ዳስተሩን ራሷ አነሳች።

ያያችሁትን ንገሩት፣ ጠይቁ፣ ጠብቁ። «ከአንተ የባሰ ስንት አለ»፣ «እኛ በእናንተ ዕድሜ»፣ «ወንድ ልጅ አይደለህ?» የሚሉትን ተዉ። «ለማንም አልናገርም» የሚለውን ቃል ኪዳንም አትግቡ፤ ልትጠብቁት የማትችሉበት ቀን ይመጣል። እኔ እንዲህ እላለሁ፦ «የምትነግረኝን ወሬ አላደርገውም። ለሕይወትህ የሚያሰጋ ነገር ካለ ግን ብቻዬን አልይዘውም፤ ለማን እንደምንነግር አብረን እናያለን።» ይህን ሰምቶ ንግግሩን ያቋረጠ ልጅ እስካሁን አልገጠመኝም።

ስለ ሞት ሲያወራ

«ብሞት ይሻላል»፣ «ሸክም ሆኛለሁ» ካለ፣ የሚወደውን ዕቃ ማደል ከጀመረ፣ ወይም እንደ ስንብት ያለ ነገር ከጻፈ፣ በቀጥታ ጠይቁት፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ቃሉ ከአፍ ለማውጣት ይከብዳል። መጀመሪያ የጠየቅሁ ቀን ጉልበቴ ተንቀጥቅጧል። ብዙ ሰው «ያላሰበውን አሳስበው ይሆን?» ብሎ ይፈራል፤ በዚህ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይዘራ ነው ያሳዩት። አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ብቻውን የተሸከመውን ሰው አብሮት ያዘለት ያህል ይቀልለዋል።

«አዎ» ካለ አትጩኹ፣ አትቆጡ፣ አታስምሉት። ለብቻው አትተዉት። ቤት ውስጥ ያለ መድኃኒት፣ ፀረ ተባይና የጦር መሣሪያ ያን ቀኑን ተቆልፎ ከእጁ ይራቅ። እንዲህ ያለው ግፊት ብዙ ጊዜ በከባድ ማዕበል መጥቶ የሚያልፍ ስለሆነ፣ በዚያች ሰዓት መጉጃውን ማራቅ ሕይወት ያተርፋል። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም። እቅድ ካለው ወይም ራሱን ጎድቶ ከሆነ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ወላጅ ዘንድ መሄድ

እናት ወይም አባት «ልጅዎ የአእምሮ ችግር አለበት» ሲባል የሚሰማው «ወላጅነት አልቻልክበትም» የሚለውን ነው። ስለዚህ ከምርመራ ሳይሆን ከልጁ መልካም ነገር ጀምሩ፣ ቀጥሎ ያያችሁትን ንገሩ፣ ከዚያ ጠይቁ፦ «እኔ ክፍል ውስጥ ይህን አየሁ። እርስዎስ ቤት ምን ያያሉ?» ወላጅ ከማንም በላይ ያውቃል፤ የሚጠይቀው ሰው ስለሌለ ብቻውን ይዞት ይኖራል። አንድ አባት ጥያቄውን ሲሰማ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና «ስድስት ወር ሆነኝ፣ ለማን ልናገር?» አለኝ።

ልጁ የሚጎዳው ቤት ውስጥ ከሆነ ግን፣ ዱላም ይሁን ወሲባዊ ጥቃት፣ ቀድሞ ለወላጅ መንገር ልጁን አሳልፎ መስጠት ሊሆን ይችላል። ያ ጉዳይ በቀጥታ የልጆች ጥበቃ ሥራ ላላቸው ባለሥልጣናትና ለሐኪም የሚሄድ ነው።

እስከ ሐኪሙ በር

እኛ አናክምም። ይህን ራሳችንን በየስብሰባው እናስታውሳለን። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 ዚምባብዌ ውስጥ 14 አያቶችን አሠልጥኖ አግዳሚ ወንበር ላይ እየተቀመጡ የተጨነቁ ሰዎችን እንዲያዳምጡ ማድረጉን ብዙ ሰው ያነሳል፤ እኔም ያጽናናኛል። ግን ሴቶቹ ሠልጥነው ነበር፣ ከኋላቸውም ባለሙያ ነበር። ያለዚያ ቅን ልብ ብቻውን አይበቃም።

የእኛ ድርሻ በልጁና በባለሙያው መካከል ያለውን መንገድ ማሳጠር ነው። የልጆች የአእምሮ ሐኪም ከሌለ ጠቅላላ ሐኪም ዘንድ ይጀመራል። አንድ ወረቀት ላይ ከወላጅ ጋር እንጽፋለን፦ ለውጡ መቼ ጀመረ፣ ስንት ሰዓት ይተኛል፣ ምን አቆመ፣ ምን ተናገረ። ሐኪም ፊት ሲቀመጡ ግማሹ ይረሳልና። ከቤተሰቡ ጋር የሚሄድ ሰው ይኑር፤ ታናናሾቹን የሚጠብቅም እንዲሁ። ቀጠሮ በእንዲህ ያለው ነገርም ይቀራል። መድኃኒት ከታዘዘ፣ ሻል ሲለው ከሐኪሙ ሳይማከሩ እንዳያቋርጡት መጠየቅም የጎረቤት ሥራ ነው።

እንቅልፍንም አትናቁ። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። አሠልጣኛችን ይህን ሲሰማ የማለዳውን ልምምድ አንድ ሰዓት አዘገየው። ቀላል ነገር ነው፤ ሁለት ልጆች ግን በዚያ ብቻ ተመልሰዋል።

ሲመለስ

ሰው ሁሉ የሚሯሯጠው ልጁ ሲወድቅ ነው። ከሆስፒታል ወጥቶ ክፍል የሚገባባት የመጀመሪያዋ ጠዋት ግን ለእሱ ከሁሉ የከበደች ናት። ያ ተማሪዬ ሲመለስ ከበሩ ላይ የጠበቀው የቅርብ ጓደኛው ነው፤ እሱ ራሱ የመረጠው። ለክፍሉ ምን እንደሚባል አስቀድመን ጠይቀነው «ታምሜ ነበር በሉ» አለን፤ ያንኑ አልን። ያመለጠውን የአምስት ሳምንት ትምህርት አላስጨረስኩትም፤ ለቀጣዩ ምዕራፍ የግድ የሚያስፈልጉትን ሰባት ጥያቄዎች ብቻ መርጬ ሰጠሁት። ሲመልስልኝ ሦስቱን ሠርቷል። በእርሳስ «ሦስቱ ልክ ናቸው፤ የቀሩትን ሐሙስ አብረን እንሥራ» ብዬ ጻፍኩለት።

የክፍል ዓመቱ ሲያልቅ ልጁን ለሚረከበው መምህር በወሬ አታስተላልፉት። እሱን ጠይቁ፤ ከፈቀደ ሦስታችሁም ተገናኙ፣ የሚነገረውንም እሱ ይናገር። እኔና ያ ልጅ አዲሱን መምህሩን ያገኘነው በመጨረሻው የትምህርት ቀን ደረጃው ላይ ነበር። «ጽሑፌ ካነሰ ይጠይቁኝ» አላቸው።